ፎቶግራፏስ ደርሶናል፤ ሴትዮዋ የታለች?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ናይሮቢ ለሚሠራ አንድ ፊልም አማርኛ ተናጋሪ ተዋንያን ሲመረጡ፣ ቋንቋውን የሚያዳምጥ ሰው በማስፈለጉ ከመራጮቹ ጋር እንድቀመጥ ተጋብዤ ነበር። ሥራዬ ቀላል ነው። ተፈታኙ የተሰጠውን ቃለ ተውኔት ሲያነብ አነጋገሩ ለገጸ ባሕርዩ የሚስማማ መሆን አለመሆኑን እናገራለሁ። ከፊታችን ባለው ጠረጴዛ ላይ የአመልካቾቹ ፎቶግራፎች በሁለት ክምር ተለይተው ተቀምጠዋል። አንደኛው ክምር ለአንዲት የሠላሳ ዓመት ባለትዳር፣ ሁለተኛው ደግሞ ልጇ በስደት ለጠፋባት እናት የታጩትን የያዘ ነበር።

ከቀትር በኋላ ዕድሜያቸው ከሃምሳ የማያንስ አንዲት ወይዘሮ ገቡ። አዘጋጁ ከመጀመሪያው ክምር ተራው የደረሰውን ፎቶግራፍ አነሣና አየ፤ ወይዘሮዋን አየ፤ ተመልሶ ፎቶግራፉን አየ። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ «ፎቶግራፏስ ደርሶናል፤ ሴትዮዋ የታለች?» አለኝ። ወይዘሮዋ እንግሊዝኛው ገብቷቸው ኖሮ፣ «እኔው ነኝ፤ ፎቶ ቤቱ ትንሽ አሳምሮኝ ነው» አሉ።

ማሳመሩ ትንሽ አልነበረም። በዓይናቸው ጥግና በአፋቸው ዙሪያ ያለው መስመር ሁሉ ተጠርጓል። ጠይም ፊታቸው ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ በግንባራቸው ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳትና በአንገታቸው ዙሪያ የተነቀሱት ጌጥ የሉም፤ አንድ ሰው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ እንደ እድፍ አጥቦ አስወግዷቸዋል። ወይዘሮዋ የባለትዳሯን ክፍል እንዲያነቡ ተሰጣቸው፤ አልሆነም። አዘጋጁ ለይሉኝታ ያህል የእናቲቱን ገጽ ሰጣቸው። ሲያነቡ በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ጸጥ አልን። ነገር ግን ለእናቲቱ የታጨችው ተዋናይ ከሁለት ቀን በፊት ውል ፈርማ ነበር። የእኚህ ሴት ፎቶግራፍ በዚያ ሁሉ ጊዜ በማይመለከታቸው ክምር ውስጥ ተቀምጦ ከረመ።

ልሸኛቸው ስወጣ፣ «እትዬ፣ ይህን ፎቶ ከተነሡ ምን ያህል ጊዜ ሆነዎት?» አልኋቸው። «ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የኔ ልጅ። ያላስገባሁበት ቦታ የለም፤ የሚጠሩኝ ግን ሁልጊዜ ለማልሆነው ነው» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች መልስ ምክንያት ነው። የምለውም አጭር ነው። የተዋናይን ፊት አሳምሮ የሚሰጥ ፎቶ አንሺ የተዋናዩን እንጀራ ይነጥቃል። ተዋናዩም ገንዘቡን ከፍሎ በራሱ ላይ ያስመሰክራል።

ግድግዳው፣ መዝገቡና ጠረጴዛው

ፎቶ ቤቶቻችንን መውቀስ ከመጀመሬ በፊት ክብራቸውን ልስጥ። ፎቶግራፍ በአገራችን የቆየ ሙያ ነው። ቦያጅያን የተባለው የአርመን ቤተሰብ ከዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጀምሮ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነገሥታቱን በፎቶግራፍ ሲያነሣ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በየከተማው የተከፈተው ፎቶ ቤት የሙሽሮችን፣ የተመራቂዎችንና የወታደሮችን መልክ አኑሮልናል። ፎቶግራፍ መነሣት በዓል ነበር። ሰው ያለውን ልብስ ለብሶ፣ ከሌለው ከፎቶ ቤቱ ኮት ተውሶ፣ የፏፏቴ ሥዕል ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ይቆም ነበር። ያ ፎቶግራፍ ሳሎን ውስጥ በመስታወት ተከቶ ይሰቀላል። ዓላማውም ክብር ነውና ፎቶ አንሺው ጥቂት ቢያሳምር ማንንም አልበደለም። የግድግዳ ፎቶግራፍ ውዳሴ ነው፤ ውዳሴም ማጋነን ይፈቀድለታል።

ሁለተኛው ዓይነት ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርትና ለትምህርት ቤት የምንነሣው ይኸው ነው። ዓላማው ሰውየው እርሱ መሆኑን ለመዝገብ ማረጋገጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊቱ ፊት ለፊት፣ ብርሃኑ ጠፍጣፋ፣ ዓይኑም ስሜት የሌለው ይሆናል። መዝገብ ቤት ስለ ነፍስ አይጠይቅም።

ተዋናይ የሚያስፈልገው ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ዓይነት ነው። በሙያው «ሄድሾት» ይሉታል። ከደረት ወይም ከትከሻ በላይ የሆነ፣ ዓይኖቹ በጥራት የሚታዩበት፣ ሰውየው አሁን ያለውን መልክና በውስጡ ያለውን ሕይወት አንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነው። በአሜሪካ የተለመደው የኅትመት መጠን 8 በ10 ኢንች ሲሆን፣ የተዋናዩ የሥራ ታሪክ በጀርባው ይያያዛል፤ ዛሬ አብዛኛው የሚላከው በኢንተርኔት ነው። መጠኑም ሆነ መንገዱ ቢለወጥ ሥራው አልተለወጠም። ተዋናዩ በሌለበት፣ በጠረጴዛው ላይ፣ ስለ ተዋናዩ ይመሰክራል። መራጩ ብዙ ፊቶችን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲያገላብጥ የሚጠይቀው «ማን ያምራል?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ሰው ማንን ሊሆን ይችላል?» ብሎ ነው። ሐሰተኛ ምስክር ባለጉዳዩን እንደሚያስረታው ሁሉ፣ ሐሰተኛ ፎቶግራፍም ተዋናዩን ያስረታል።

ችግራችን እነዚህን ሦስቱን መቀላቀላችን ነው። የተዋናይ ምልመላ ማስታወቂያዎቻችን ብዙውን ጊዜ «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና ሙሉ ቁመና የሚያሳይ ፎቶግራፍ» ይላሉ፤ ማለትም መዝገብ ቤቱን ወደ ኪነ ጥበብ ያመጡታል። ወጣቱ ደግሞ በጉርዱ ስለማይረካ ሠርግ ወደሚያነሣው ፎቶ ቤት ሄዶ የግድግዳውን ፎቶግራፍ ይዞ ይመጣል። በሁለቱም መካከል ተዋናዩ የለም።

ካሜራው ሲበድለን፣ እኛ ስንጨምርበት

ፊትን ማንጣት ከየት መጣ? ጥፋቱ ሁሉ የፎቶ ቤቶቻችን አይደለም። የቀለም ፊልም ሲሠራ የተለካው በነጭ ቆዳ ነበር። ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች ይልከው በነበረው ማስተካከያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ካርዱም በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ» ተብሎ ቀረ። የእርሷ ፊት ከተስተካከለ ቀለሙ ሁሉ እንደ ተስተካከለ ይቆጠር ነበር። ፈረንሳዊው የፊልም አዘጋጅ ዣን ሉክ ጎዳር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞዛምቢክ ውስጥ ለመሥራት በተጠራ ጊዜ የኮዳክን ፊልም ዘረኛ ነው ብሎ እንደ ነቀፈው ይታወቃል። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ እንዳሳየችው፣ ኩባንያው ጠቆር ያሉ ቀለሞችን የሚለይ ፊልም እንዲሠራ ከገፋፉት መካከል የቸኮላታቸውና የእንጨት ዕቃቸው ቀለም አልለይ ያላቸው ነጋዴዎች ይገኙበታል። የእኛ ፊት ለራሱ ሲል ለመታየት የቸኮላትን ያህል ክርክር አላስነሣም ማለት ነው።

ዲጂታል ካሜራ ከመጣ ወዲህ ነገሩ እየተሻሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጉግል በስልኩ ካሜራ ላይ ጠቆር ያለ ቆዳን በትክክል ለማሳየት ያለመ ማስተካከያ ማድረጉን አስታውቋል። መሣሪያው ወደ እኛ እየተጠጋ ሳለ ግን እኛ ከራሳችን እየሸሸን ነው። ካሜራው ባለማወቅ የበደለንን እኛ በማወቅ እየጨረስነው ነው።

የስሕተቱን አሠራር ላስረዳ። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ከፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ይወስዳል። ጠይም ሰው ከነጭ መጋረጃ ፊት ነጭ ነጠላ አድርጎ ቢቆም፣ ካሜራው የነጩን ብዛት አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊቱም ይጨልማል። ፎቶ አንሺው መጋረጃውን መለወጥ ወይም መለኪያውን ወደ ፊቱ ማዞር ሲገባው ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ብቻ ያነጣል። ውጤቱ አመድ የተነፋበት የሚመስል፣ አፍንጫና ጉንጭ የማይለይበት፣ ጥላ የሌለው ፊት ነው። ከዚያም «አበራሁህ» ብሎ ያስከፍላል። ጠይም ቆዳ የሚፈልገው ብርሃን ነው፤ ነጭ ቀለም አይደለም። መስኮት አጠገብ ከጎን የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን፣ በሌላው ወገን ብርሃኑን የሚመልስ አንድ ነጭ ጨርቅ፣ ከኋላ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ግድግዳ ቢኖር የሰውየው ቆዳ እንደ ተወለወለ እንጨት ያበራል። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ማስተዋልን ነው።

«ደንበኛው ራሱ ነው የሚጠይቀን»

ፎቶ አንሺዎች ይህን ሲሰሙ መልሳቸው ዝግጁ ነው። «እኛ ምን እናድርግ? ካላነጣነው፣ ቡግሩን ካላጠፋንለት ደንበኛው አይቀበለንም» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ግማሹን ነው። ደንበኛው ለሠርጉ ቢጠይቅ ፈቃዱ ነው። ለሥራ ማመልከቻ ሲጠይቅ ግን ባለሙያው «ይህ ይጎዳሃል» የማለት ግዴታ አለበት። ልብስ ሰፊ የደንበኛውን ልክ ትቶ ደንበኛው የተመኘውን ልክ አይሰፋም።

ትላንት የወጣ ቡግር ቢጠፋ ማንም አይቃወምም፤ በሳምንቱ በራሱ ይጠፋልና። ጠባሳ፣ ሽበት፣ የዓይን ሥር መስመር፣ ፍንጭት፣ ንቅሳት ግን የፊቱ አካል ናቸው። መለያው ቀላል ነው። ተዋናዩ በሩን ከፍቶ ሲገባ አብሮት የሚገባው ነገር ሁሉ በፎቶግራፉ ላይ መኖር አለበት።

ሌሎች ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ሙግት ያቀርባሉ። «ፕሮዲውሰሮቹ ራሳቸው ቀይ መልክ አይደለም ወይ የሚመርጡት? ጠይሟ ልጅ ጠይም ሆና ብትቀርብ ማን ይጠራታል?» ይላሉ። ይህን ሙግት አቃልዬ አላልፈውም፤ እውነት አለበትና። በብዙ የአማርኛ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች የምትፈቀረዋ ሴት ቀይ ናት፤ ጠየም ያለችው ጓደኛዋ ወይም ሠራተኛዋ ትሆናለች። ይህ ነውር የፕሮዲውሰሮቹ ነው፤ በስማቸው ሊጻፍባቸውም ይገባል። ነገር ግን ጠይሞቹ ሁሉ ነጥተው ከቀረቡ ነውሩን ማን ያየዋል? ፕሮዲውሰሩ «ጠይም ተዋናይት አልቀረበችልኝም» ቢል ጠረጴዛው ላይ ያሉት ፎቶግራፎች ይመሰክሩለታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ መራጩን ስለ ፈራን የራሳችንን ፊት እንመታለን። ደግሞስ በፎቶግራፍ የነጣች ልጅ በር ላይ ስትደርስ ምን ልታደርግ ነው? ፎቶ አንሺው አብሯት አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ደግሞ ብዙ መራጮች ተዋናዩ ራሱን በስልክ ቀርጾ እንዲልክ ይጠይቃሉ። ፎቶግራፉና ተንቀሳቃሽ ምስሉ በአንድ መስኮት ጎን ለጎን ሲከፈቱ ውሸቱ በሩ ሳይደረስ ይታወቃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ዛሬ ግን ማደር ሳያስፈልገው ይጠራል።

የተጠረገ ፊት ምን እንደሚያሳጣን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ ያበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ሲሆን፣ ከተሳተፉበት ሰዎች አብዛኞቹ ሙያተኛ ተዋንያን አልነበሩም። ፊልሙን እስከ ዛሬ የማይረሳ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ፀሐይና ሥራ የጻፈባቸው የገበሬዎቹ ፊቶች ናቸው። ከጎረቤታችንም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 «ካፒቴን ፊሊፕስ» ለተባለው ፊልም ሶማሌ ተዋንያን ሲፈለጉ በሚኒያፖሊስ ከተማ በተደረገው ክፍት ምርጫ ከ700 በላይ ሰዎች ቀርበው ነበር። ከተመረጡት አራት ሰዎች አንዱ በሞቃዲሾ የተወለደው ባርካድ አብዲ ነው። ከዚያ በፊት ትወና ሠርቶ አያውቅም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2013 ታየ፤ በ2014 ባርካድ ለኦስካር ሲታጭ የብሪታንያውን ባፍታ ተሸለመ። ያንን የከሳ፣ አጥንቱ የወጣ፣ ዓይኑ የሚያቃጥል ፊት ከእኛ ፎቶ ቤቶች አንዱ ቢያገኘው ኖሮ ምን ያደርገው ነበር? ጉንጩን ይሞላዋል፤ ጥርሱን ያስተካክለዋል፤ ቆዳውን ያነጣዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ባርካድ አብዲ አይደለም።

«እርሱ ያለ ፎቶግራፍ ተመርጦ የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ክፍት ምርጫ በዕድሜ አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው። በሌላው ቀን ሁሉ በሩ የሚከፈተው በፎቶግራፍ ነው፤ ችሎታ የሚታየው ከተገባ በኋላ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

ስለ ፎቶግራፍ ስንነጋገር ዝም ሊባል የማይገባው ሌላ ንግድ አለ። ወጣቱ አንድ «ኤጀንሲ» ነኝ ባይ ቢሮ ይሄዳል። ቢሮው በታወቁ ሰዎች ፎቶግራፍ ተሞልቷል። «መልክህ ለስክሪን የተፈጠረ ነው» ይባላል። ከዚያም የምዝገባ ገንዘብ፣ ቀጥሎ የአልበም ገንዘብ ይጠየቃል፤ ፎቶግራፉንም የግድ ቢሮው በሚያዝዘው ፎቶ ቤት ይነሣል። ከወራት በኋላ ስልክ የሚያነሣ የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ለሴቶቹ ደግሞ የባሰ አለ፤ «ሌላ ዓይነት ፎቶ ያስፈልጋል፣ ብቻሽን ነይ» ይባላሉ። ይህን የሰማችና ተመልሳ ያልሄደች እኅት ዕድል አላመለጣትም፤ ከወጥመድ አመለጠች።

የአሠራሩን ነውር ለማየት ሆሊውድ ያለበትን ግዛት መመልከት ይበቃል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ ከ2010 መባቻ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ለአርቲስት ሥራ አገኛለሁ ብሎ አስቀድሞ ክፍያ መቀበልን ወንጀል አድርጎታል። እዚያ ወኪል የሚበላው ተዋናዩ ሠርቶ ሲከፈለው ከሚያገኘው ድርሻ ነው፤ ተዋናዩ ካልሠራ ወኪሉም አይበላም። በእኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል፤ ተዋናዩ ባይሠራም ወኪሉ በልቷል። ስለዚህ አንድ መለኪያ ያዙ፦ ሥራ ሳይሰጣችሁ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው የእናንተ ወኪል አይደለም፤ እናንተ የእርሱ ደንበኛ ናችሁ።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ነቅፎ መሄድ ቀላል ነውና ያየሁትን ያህል ልጠቁም።

ለተዋንያን፦ ፎቶግራፉን አሁን ባላችሁበት መልክ ተነሡ። ጠጉራችሁን ከተቆረጣችሁ፣ ጺም ካሳደጋችሁ፣ ከከሳችሁ ወይም ከወፈራችሁ እንደገና ተነሡ፤ ምንም ባይለወጥ እንኳ በየሁለት ዓመቱ አድሱት። ልብሳችሁ አንድ ቀለም ያለውና ጽሑፍ የሌለበት ይሁን፤ ትልቅ ጉትቻና ሐብል ፊትን ይሻማል። ሁለት ፎቶግራፍ ይበቃችኋል፤ አንዱ ፈገግታ ያለው፣ ሌላው ረጋ ያለ። ለፎቶ ቤት የሚሆን ገንዘብ ከሌላችሁ ጓደኛችሁ በስልክ ያንሣችሁ፤ ነገር ግን ስልኩን ወደ ፊታችሁ አያስጠጋ፤ አፍንጫን ያገዝፋልና። ሁለት እርምጃ ርቆ በማቅረቢያው ያቅርብ፤ የማስዋቢያውንም ፊልተር ያጥፋ።

ለፎቶ አንሺዎች፦ መብራቱን ከማስተካከላችሁ በፊት ሰውየውን «ምን ዓይነት ሰው ሆነህ ትሠራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ካሜራችሁን በዓይኑ ልክ አድርጉ። ከ85 ሚሊ ሜትር የማያንስ ሌንስ ካላችሁ እርሱን ተጠቀሙ፤ ፊትን ሳያዛባ ያቀርባል። ከሁሉ በላይ ጥቂት አነጋግሩት፤ ዓይን ሕይወት የሚያገኘው ሰው ሲያስብ ነው እንጂ «ሳቅ በል» ሲባል አይደለም።

ለፕሮዲውሰሮችና ለአዘጋጆች፦ በማስታወቂያችሁ ላይ «ጉርድ ፎቶግራፍ» የሚለውን ትታችሁ «በቅርብ ጊዜ የተነሡት፣ ያልተነካካ የፊት ፎቶግራፍ» ብላችሁ ጻፉ። አንድ መስመር ናት፤ የብዙ ሰው ገንዘብና ተስፋ ግን ታድናለች።

ወይዘሮዋን ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ኢስሊ ገበያ ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ። ሰላምታ ተለዋውጠን ስንለያይ፣ «ያንን ፎቶ ቀደድሁት» አሉኝ። «ሌላ ተነሡ?» ብላቸው፣ «ገንዘቡ አልሞላልኝም» አሉ። እኔም ከአንድ ወዳጄ ጋር ቀጠሮ አስይዤ፣ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ፣ በግራጫ ግድግዳ ፊት አስነሣኋቸው። የግንባራቸው መስቀል በደንብ ይታያል። ሥራ ያገኙበት እንደ ሆነ ገና አላወቅሁም። ከእንግዲህ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ግን ሴትዮዋ የት እንዳሉ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም።